እማማ መጽሐፍ የታሰቡ ዕለት

ነፋሴ የጎረቤቱን የአናጢውን ኮት ተውሶ ለብሶ ከቤት ሲወጣ የሰፈሩ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። አናጢው ሁለት ነፋሴ ያክላል። የኮቱ እጅጌ ጣት ይውጣል፣ ትከሻው ክርን ላይ ደርሷል፤ ከኋላ ላየው ሰው ኮት ብቻውን የሚራመድ ነው የሚመስለው።

«ነፋሴ፣ ኮቱ ወዴት እየወሰደህ ነው?»

«ዝም በሉ እናንተ ኩታራዎች! ዛሬ የፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ከትልልቅ ሰው ጋር። የታሸገ ውሃ ሁሉ አለ!»

አልዋሸም። ያን አርብ ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ የአያቱ መታሰቢያ ነበር። ንግግር አለ፣ የአበባ ጉንጉን አለ፣ ግድግዳ የሚያክል ፎቷቸው አለ። በሕይወት እያሉ ከቢሮ ወደ ቢሮ ያንከራተቷቸው ኃላፊዎች ሁሉ ጥቁር ለብሰው ሊያወድሷቸው ተሰልፈዋል። ሰው መቼም ከሞተ በኋላ ነው የሚያምርበት።

አያትየውን ሰፈሩ «እማማ መጽሐፍ» ነበር የሚላቸው። ስሙን ያወጡት ልጆች ናቸው። እማማ መጽሐፍ የልጆች ተረት ይጽፋሉ፤ አጻጻፋቸው ግን እንደ ሌላው ደራሲ በር ዘግቶ አልነበረም። ጠዋት የጻፉትን ይዘው የልጅ ልጃቸው የነፋሴ ጎማ መጠገኛ ቤት ይመጡና አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ጉብ ይላሉ። ልጆቹ ይከቧቸዋል። ያነባሉ። ልጅ የሳቀበት መስመር ይቀራል፣ ያልሳቀበት እዚያው ይሰረዛል። «ልጅ ያዛጋበት ወረቀት ለእሳት ነው» ይላሉ። ጭራዋን ያከራየችው ጦጣ ታሪክ እንዲህ እየተሰረዘ እየተጻፈ፣ ጦጣዋ መጀመሪያ ላይ የነበሯት ስድስት ዘመዶች አልቀው አንድ አክስት ብቻ ተርፋታለች።

መጻፉ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሰው ማስቸገር ነበር። መምህር ልጅ መታ ሲባል እማማ መጽሐፍ ክፍል ገብተው ዱላውን ነጥቀው ይወጣሉ። የከተማው መምህራን ዱላ ተለቃቅሞ እነ ነፋሴ ቤት ነበር ውሃ ሲያፈላ የኖረው። ወላጅ የሌለው ልጅ ተበደለ ሲባል ደግሞ ልጁን እጁን ይዘው ቢሮ ይሄዳሉ፤ ኃላፊው በር ላይ ወንበር ስበው ይቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተረት ማንበብ ይጀምራሉ። አንዳንዱ የሚፈርመው አዝኖ አልነበረም፣ ጆሮው እንዲያርፍ ነው።

ነፋሴን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሱ ግን የትምህርት ቤት አጥር ሲዘል አድጎ ጎሚስታ ሆነ። ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል፤ ጉራም ይነፋል። «በዕድሜዬ የተሸነፍኩት አንድ ክስ ነው፤ እሱም አንተ ነህ» ይሉት ነበር፣ ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው። ጆሮውን የሚቆነጥጠው ሰው ከሞተ ወር አልሞላውም።

እንግዲህ ነፋሴ ኮቱን እየጎተተ መንገዱን ሲታጠፍ ነው ነጯን መኪና ያያት። መኪናዋ የልብስ ሰፊዋ ቤት በር ላይ ቆማለች። የኋላ በሯ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ላይ አንድ ፌስታል ልብስ ተቀምጧል።

እርምጃውን ገታ።

መኪናዋን ያውቃታል። የፍንጭት አጎት ናት። ማለት የአጎትየው መኪና። ፍንጭት የምትባለው ልጅ ጥርሷ ፍንጭት ስለሆነ ነው፤ እናትም አባትም የላትም። እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት የእናቷ ጓደኛ፣ ልብስ ሰፊዋ ናት። የአባቷ ወንድም ሩቅ ከተማ ሱቅ አለው። ከጥቂት ዓመት በፊት መጥቶ ታላቅ እህቷን «አስተምራታለሁ» ብሎ ወሰዳት። እማማ መጽሐፍ ሳያምኑ ቀርተው አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው አዩ። ልጅቷ ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ሳሙና ትሸጣለች፣ ማታ የአጎቷን ልጆች ታጥባለች። ደብተር የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ የለም።

ትንሿን ሊወስድ እንደሆነ ሲሰሙ እማማ መጽሐፍ ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አመለከቱ። ጉዳዩ እስኪታይ ልጅቷ ካለችበት እንዳትነቃነቅ የሚል ወረቀት ሊፈረም ነበር። ኃላፊዋ «ሰሞኑን» አለቻቸው። ሰሞኑን ሲባል እማማ መጽሐፍ ሞቱ።

ከቤቱ ውስጥ የሰፊዋ ድምፅ ይሰማል። «እሺ፣ ቀሚሷን ልተኩስላት እንጂ! ጭርምትምት ብሎ ሰው ፊት ትቀርባለች እንዴ?»

«ይሁን እትዬ፣ ግን ቶሎ» ይላል ወፍራም የወንድ ድምፅ። «መንገዱ ሩቅ ነው።»

ነፋሴ ግራና ቀኝ አየ። ጎንበስ አለ። አንድ የክብሪት እንጨት ብቻ ነው የፈጀበት። የቫልቩን ክዳን ፈታ፣ እንጨቷን ሰካ፣ ጎማው «ፍስስስስ» አለ። አንዱ ብቻ ቢሆን በተጠባባቂው፣ በስኮርት ጎማው፣ ይቀይራል ብሎ አሰበና ወደ ሌላው ተሳበ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እንደ ሰለቸው ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀመጡ። ነፋሴ ተነሥቶ ኮቱን አራገፈና የሚያልፍ ሰው መሰለ። እማማ መጽሐፍ ቢያዩት በአፋቸው ይቆጡት፣ በዓይናቸው ይስቁ ነበር።

አጥሩ ጥግ ሄዶ ለኃላፊዋ ደወለ። አንስታ በሹክሹክታ፦

«የት ነህ አንተ? የፊት ወንበሩ ባዶ ሆኖ አሳፈርከን እኮ!»

«እትዬ፣ ፍንጭትን ሊወስዷት ነው! አጎቷ መጥቷል። ያ ወረቀት ይፈረም!»

«አሁን?»

«አሁን! መኪናው እዚህ ነው!»

«የኔ ልጅ፣ እኔ መድረክ ልወጣ ነው። ስለ አያትህ እኮ ነው የምናገረው። እንደጨረስኩ ሰው ይዤ እመጣለሁ። እንዳይሄድ አቆየው።»

«ቃል?»

«ቃል» አለች፤ ወዲያው ከጀርባዋ ጭብጨባ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

አቆየው አለች። ማቆየትማ ነፋሴን ምን ይቸግረዋል! ደንበኛን ማቆየት ነው የኖረበት።

አጎትየው በሩ ላይ ብቅ ሲል መኪናውን አይቶ «ኤጭ!» አለ። ክፉ ፊት የለውም። ደከም ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። «እዚህ ሰፈር ጎማ የሚሠራ አለ?» ብሎ ልጆቹን ጠየቀ።

ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ። «ነፋሴ! ነፋሴ!» እንዲያውም አንዷ ኩራት ብጤ ተሰምቷት «ከሱ የሚበልጥ የለም!» አለች።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነፋሴ በተንኮሉ ውስጥ አንድ ነገር ረስቷል፤ ጎማውን ያስተነፈሰው እሱ፣ በዚያ አካባቢ ጎማ የሚነፋውም እሱ ብቻ።

«አንተ ነህ ጎሚስታው?» አጎትየው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «በዚህ ልብስ?»

«ለደንበኛ አክብሮት ነው ጋሼ።»

«በል ቶሎ በልልኝ።»

«ቶሎማ አይሆንም ጋሼ። በተነፈሰ ጎማ ቢነዱት የጎማው ብረት፣ ቸርኬው፣ ይጣመማል። ፈትቼ፣ አንከባልዬ፣ ቤቴ ወስጄ፣ መርምሬ ነው። ጎማ ማለት ሕፃን ማለት ነው፤ ምን እንዳመመው አይናገርም።»

ከዚያ ወዲያ ነፋሴ ጎማ ፈትቶ እንደማያውቅ ሰው ሆነ። መኪና ማንሻውን፣ ክሪኩን፣ ፍለጋ ሄዶ ቆየ። ክሪኩን አምጥቶ ቁልፉን ረሳ። ቁልፉን ሲያመጣ «ይሄ ቁጥሩ አይደለም» ብሎ ተመለሰ። አንዱን ብሎን ይፈታል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ብሎኑን ወደ ብርሃን አንስቶ እንደ ወርቅ ያየዋል። ጎማውን ውሃ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አገላብጦ አየው። አረፋ የለም፤ ከየት ይመጣል?

«ቀዳዳው የታለ?» አለ አጎትየው።

«ተንኮለኛ ቀዳዳ ነው ጋሼ። ውሃ ሲያይ ይደበቃል።»

«ቀዳዳ ከሌለው ለምን ነፍተህ አትሰጠኝም?»

«መንገድ ላይ ቢተነፍስስ? ልጅ ይዘው ነው የሚሄዱት።»

አጎትየው ሰዓቱን አየ።

ሰፊዋም በበኩሏ ቀላል አልነበረችም። ቀሚሱን ተኩሳ ስትጨርስ «ጫፉ ተተርትሯል» ብላ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ስፌቱን ትሰፋዋለች፣ ቀና ብላ መንገዱን ታያለች፣ የሰፋችውን መልሳ ትፈታዋለች። የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ ጎማ ቤቱ ይሰማል፤ ይንጣጣል፣ ያቆማል፣ ይንጣጣል። በእድሜዋ አንድ ጫፍ እንዲህ አስቸግሯት አያውቅም።

ፍንጭት መጥታ ያ አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ተቀመጠች። እግሯ መሬት አይደርስም። ትንሽ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«አየሩን አንተ ነህ ያወጣኸው አይደል?»

«ማነው እኔ? በዚህ ኮት?»

«ኮቱ እጅጌ ላይ የጎማ ጥቁር አለ። ጎማ መፍታት ሳትጀምር በፊት ነው ያየሁት።»

ነፋሴ ጠቀሳት። ፍንጭቷን ገልጣ ሳቀች፤ ወዲያው በእጇ አፏን ያዘች።

«እማማ ቢኖሩ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችው።

«መኪናው ፊት ወንበር አውጥተው ቁጭ ነዋ! የጦጣዋን ተረት ከነአክስቷ ያነቡለት ነበር። እስኪያብድ።»

«አንተስ ለምን አትቀመጥም?»

ነፋሴ ሊስቅ አለና ተወው። እውነትስ፣ ለምን አይቀመጥም? እጁን በኮቱ ጠረገ፤ የአናጢው መሆኑን እንኳን ረሳው። አጎትየው ፊት ሄዶ ቆመ። እንደ አያቱ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ አትሄድም።»

«ምን አልክ?»

«አትሄድም። ታላቋን ወስደው አላስተማሯትም። አያቴ መጥታ አይታለች።»

አጎትየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «አያትህ ማን ናቸው?»

«እማማ መጽሐፍ።»

«አሃ። ነፍስ ይማር፣ ሰምቻለሁ። ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ ሱቄ ድረስ መጥተው ሰድበውኛል።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ዞር ብሎ አየ። «እኔም አምስት ልጅ ነው ያለኝ፣ ወንድሜ። ሚስቴ ታማለች። የወንድሜን ልጅ ለባዳ ትቼ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል? ደሜ ናት። እሺ፣ አያትህ አያትህ ናቸው። አንተ ግን ማን ነህ?»

ነፋሴ አፉን ከፈተ። አፉ በሰፈሩ የታወቀ አፍ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ መልስ አጥቶለት ያውቃል። አሁንስ ምን ይበል? እኔ ጎሚስታ ነኝ ይበል? እኔ የተሸነፈው ክስ ነኝ ይበል? እማማ መጽሐፍ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ ፍርድ ቤት ይሆናል። እሱ ቢቀመጥ የተቀመጠ ጎሚስታ ነው።

«ጎማውን ሥራ» አለ አጎትየው፣ በጨዋ ደንብ። «መሽቶብኛል።»

ነፋሴ ወደ ጎማ ቤቱ ጓሮ ዞሮ ደወለ። አይነሳም። ደወለ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ተነሳ፤ ግን ማንም አያወራም። ኪስ ውስጥ ነው መሰለኝ በስህተት የተነሳው። ከሩቅ በድምፅ ማጉያ የኃላፊዋ ድምፅ ይመጣል፦ «... አንድም ቀን ለልጅ ጉዳይ ቀጠሮ አለኝ ብለው አያውቁም ነበር! እኛም የእሳቸውን ፈለግ ...» ጭብጨባው ጆሮውን ሊበጥሰው ደረሰ።

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ ነፋሴ ስልኩ ላይ። «እትዬ! እትዬ!» ጭብጨባ ነው የመለሰለት።

ቆይቶ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው።

«እንዴት ያለ ንግግር እንደነበር ብታይ! ሰው ሁሉ አነባ።»

«መጣችሁ?»

«ስማኝ። የሕግ ክፍሉን እዚሁ አግኝቼ ጠየቅኩት። አመልካቿ አያትህ ነበሩ። አመልካች ሲሞት ማመልከቻው ይዘጋል ነው የሚለው። አዲስ አመልካች ያስፈልጋል።»

«እኔ ልሁና! ሰፊዋ ትሁን! ሰፈሩ በሙሉ ይሁን!»

«ሰኞ ኑ።»

«ሰኞማ ሳሙና ትሸጣለች!»

«ዛሬ ቢሮ ማን አለ? ማኅተሙን የያዘው እዚህ ነው፣ ፈራሚው እዚህ ነው፣ ሁላችንም እዚህ ነን። አያትህን እያሰብን።»

«እትዬ፣ እሷ እኮ ሞታለች» አለ ነፋሴ። «እሷ አትቸኩልም።»

ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ትንፋሿ ይሰማል። «ሰኞ በጠዋት» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እኔ ራሴ እቀበልሃለሁ።»

ነፋሴ ስልኩን ይዞ ጓሮው ውስጥ ቆመ። ግድግዳውን በእርግጫ ሊለው አሰበ፤ ግድግዳው ምን አደረገ?

ሲመለስ ፍንጭት ከጎማው ላይ ወርዳ ቆማለች። «ይመጣሉ?»

ለአጎትየው ሲዋሽ የዋለ ምላስ ነው። አንድ ተጨማሪ ውሸት ምንም አይከብደውም፤ «መንገድ ላይ ናቸው» ቢላት ትንሽ ደስ ይላታል። ግን ዓይኗን ቀና አድርጋ፣ መልሱን እየጠበቀች፣ እንዲያ ስታየው አልሆነለትም።

«አይመጡም።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ እኔና አሳዳጊሽ እንሄዳለን። እንጮኻለን። ግን ... አላውቅም፣ ፍንጭት። አላውቅም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ትልቋ እሷ የሆነች ይመስል አጽናናችው። «እሺ» አለች። «በል ንፋው።»

ኮምፕሬሰሩን አስነሳ። ሁለቱን ጎማዎች ነፋ። አንከባሎ ወሰዳቸው፣ ገጠማቸው። የሰፊዋ የስፌት መኪና ድምፅ ጠፋ። ወጥታ ቀሚሱን አለበሰቻት፣ አንገቷን አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች፣ ቁልፉን ፈትታ ቆለፈች፤ ከዚያ እጆቿ ሥራ አጡና ተንጠለጠሉ። «ጥርስሽን ታጠቢ» አለቻት። ልጆቹ እንደ ወትሮው ሊጮኹ መጥተው ነበር፤ አንድ በአንድ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

ፍንጭት ፌስታሉን ከኋላ ወንበር አንስታ ከፊት፣ ከአጎቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ነፋሴ ብሎን እያጠበቀ እመንገዱ ላይ ተንበርክኳል። የጥንቱ ሰይጣኑ መጣበት። ሁለት ብሎን ላላ ቢያደርግስ? መኪናው ከከተማው ሳይወጣ መንገዳገድ ይጀምራል። አጎትየው ይቆማል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን ይተርፋል፤ ምናልባት እስከ ሰኞ ይተርፋል። እጁ ቁልፉን ወደ ግራ መለስ አደረገው። ማንም አላየም።

ቀና ሲል መስኮቱ ልክ ከጭንቅላቱ በላይ ነው። የፍንጭት ክርን መስኮቱ ላይ ወጥቷል። ትንሽ ክርን፣ ጉልበቷ ላይ ፌስታሉ። በዚያ ጎማ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት።

«ነፋሴ» አለችው ከላይ፣ ቀስ ብላ። «ጠበቅ አድርገው። አጎቴ ሲነዳ ይፈጥናል፤ እህቴ ነግራኛለች።»

ነፋሴ ቁልፉን ወደ ቀኝ መለሰው። በሁለት እጁ ይዞ ሳበ። የአናጢው ኮት ብብቱ ላይ ተቀደደ። ዙሩን ጨረሰ፤ ወደ ሌላው ጎማ ሄዶ ያንንም ጨረሰ። ተመለሰ። ትንፋሹ አጥሯል። ቁልፉን ረግጦ፣ በክብደቱ ተጭኖ፣ ብሎኖቹ እስኪንጫጩ ድረስ አጠበቃቸው።

አጎትየው ሞተሩን አስነሳ። «በቃ እኮ፣ ጠብቋል!»

«አንዴ» አለ ነፋሴ ቀና ሳይል፣ የመጀመሪያው ብሎን ላይ ቁልፉን ዳግም እየሰካ። «አንዴ ብቻ ጋሼ።»